«ሾላ በድፍን»፦ ለምን በድፍኑ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን ነበር። ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ነው። አክስቴ ጠየቀቻት።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ንግድ ላይ ነው።»

«የምን ንግድ?»

«አቦ፣ ንግድ ነዋ!»

«በይ እቴ፣ ሾላ በድፍን አታጉርሺኝ» አለች አክስቴ ስኒዋን አስቀምጣ። ተሳቀ። ከፊራና ታይዋን የሚባሉ ገበያዎች ባሉበት ከተማ «ንግድ» ብሎ ማለፍ ምንም እንዳለመናገር ነው።

«ሾላ በድፍን» የሚባለው ዝርዝሩ ሳይወጣ በጥቅሉ ለሚታለፍ ነገር ነው። አመጣጡ ከፍሬው ነው። የበሰለ ሾላ ከውጭ ሲያዩት ቀላ ብሎ ያጓጓል። ከከፈቱት ግን ውስጡ ጥቃቅን ነፍሳት ታገኛላችሁ፤ የምግብ ፍላጎት እዚያው ይዘጋል። ስለዚህ መብላት የፈለገ አይከፍተውም። ሥጋውን ከነዘሩ ዋጥ ነው።

ነፍሳቱ ግን ፍሬው ስለተበላሸ የመጡ አይደሉም። የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያብበው። ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል ተርብ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቃ ትገባለች። ብዙ ጊዜ ክንፏ እዚያው በር ላይ ይቀራል። የአበባ ብናኙን አድርሳ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ እዚያው ውስጥ ትሞታለች። ክንፍ አልባዎቹ ወንዶች ለሴቶቹ መውጫ ይቦረቡራሉ፤ ሴቶቹ ብናኝ ተሸክመው ወደ ሌላ ፍሬ ይበራሉ። ያለ ተርቧ ሾላ ዘር አይቋጥርም። የጥንት ግብፆች ይቺ ተርብ አገራቸው ስላልነበረች ፍሬውን በስለት እየጫሩ ያበስሉት ነበር።

የሾላ ዘመድ የሆነው የእስያ ጃክፍሩት ደግሞ በድፍን አይሞከርም። አንዱ ፍሬ 30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከፍተው ሥጋውን ይበላሉ፣ ዘሩን ለብቻ ይቀቅሉታል ወይም ይቆሉታል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሐረርጌ ሾላ በኦሮምኛ ኦዳ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም ሥር የገዳ ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ተደንግጓል፣ ነገር ተበጥሮ ወጥቷል። ነገር የሚዘረዘርበት ዛፍ ፍሬው በድፍን ይበላል!

ጎረቤታችን በሦስተኛው ቡና ላይ ተሸነፈች። ልጁ ልብስ ነው የሚያመጣው። ከየት እንደሚያመጣው አክስቴም አልጠየቀች።