«የማሪዋናው ገንዘብ የት ገባ?» እና ሌሎች ጆሮዬን ያደነቆሩ የትምህርት ቤት በጀት ወሬዎች

ሥራዬ በጀት ነው። ዴንቨር አካባቢ ባለ አንድ የትምህርት ዲስትሪክት ፋይናንስ ክፍል ተቀምጬ ስደምርና ስቀንስ እውላለሁ። ሰሞኑን መቀነሱ ይበዛል። በ2025 የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጎድሏቸው ነበር። ስቴቱ ሲያጥረው እኛም ያጥረናል። እሱስ ሥራዬ ነው፣ ለምጄዋለሁ። የሚያናድደኝ ለቅሶ ቤትም፣ ኳስ ሜዳ ዳርም፣ ክርስትናም ላይ የሚጠብቀኝ ወሬ ነው።

«የማሪዋናው ገንዘብ እያለ ምን ጎደላችሁ?»

ባለፈው ክርስትና ቤት ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጄ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዘ፣ «ስማ እንጂ፣ ያ ሁሉ የማሪዋና ታክስ የት ገባ? በላችሁት እንዴ?» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ወር ብቻ አራተኛው ጠያቂዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 የኮሎራዶ መራጭ ማሪዋና ሕጋዊ ይሁን ሲል፣ በጅምላው ላይ ከሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ በየዓመቱ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ግንባታ ይዋል ተባለ። ለግንባታ! ሰው «ትምህርት ቤት» የሚለውን ይዞ «ግንባታ» የሚለውን ጣለው። በኋላ ድርሻው ቢያድግም ሥራው ያው ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ መቀየር፣ ያረጀ ቦይለር አውጥቶ አዲስ መግጠም። እሱንም ዲስትሪክቱ አመልክቶ፣ ተወዳድሮ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከራሱ ጨምሮ ነው የሚያገኘው። የመምህር ደሞዝ አይከፈልበትም።

እሺ፣ ሕጉን እንርሳውና ሙሉውን ጠቅልለው ሰጡን እንበል። ገበያው በደራበት በ2021 ከማሪዋና የተሰበሰበው ታክስ በጠቅላላ 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወርዷል። በስቴቱ ቀመር ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈለው ገንዘብ ደግሞ ዛሬ በዓመት ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከሃያው አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም! ይህንን ስነግረው ወዳጄ ጉርሻውን ዋጠና «ታዲያ ሕጉን ያመጡት ሰዎች ያኔ ‹ለትምህርት ቤት› እያሉ ምን አስለፈለፋቸው?» አለኝ። ይቺ እንኳ ጥሩ ጥያቄ ናት።

«መምህር እየቀነሳችሁ አዲስ ሕንፃ ታቆማላችሁ!»

ይህ ወሬ የዚያኛው ወሬ ታናሽ ወንድም ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ስናዋጣ ኮሚቴው ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለሌላ ነገር ቢያውል ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ቦንድ የሚባለው፣ ዲስትሪክቱ መራጩን አስፈቅዶ ለግንባታ የሚበደረው ገንዘብ፣ የሕንፃው መዋጮ ማለት ነው። ለደሞዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚሆነው ሚል ሌቪ ኦቨርራይድ የሚባለው ሌላው ነው፤ መራጩ የሚፈቅደው ተጨማሪ የቤት ታክስ ማለት ነው። በኖቬምበሩ ምርጫ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ጥያቄ ሆነው ይቀርባሉ። በኮሎራዶ ከ1992 ጀምሮ መራጩ ሳይፈቅድ ታክስ አይጨመርም። ስለዚህ ዜግነት ያላችሁ፣ በፖስታ የመጣላችሁን የምርጫ ወረቀት ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር አትጣሉት።

«ሎተሪውስ?»

የኮሎራዶ ሎተሪ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለፓርክና ለተፈጥሮ ጥበቃ ነው። ቀጣይ።

«የቤት ታክሴ ጨምሯል፤ እናንተ ከብራችኋል»

አልከበርንም። ስቴቱ መጀመሪያ ለአንድ ዲስትሪክት ስንት እንደሚገባው በቀመር ያሰላል። ከዚያ ላይ ከአካባቢው የቤት ታክስ የሚገኘው ይነሳል፣ የቀረውን ስቴቱ ይሞላል። የእናንተ ታክስ ሲጨምር የስቴቱ ድርሻ ይቀንሳል እንጂ የእኛ ድምር ንቅንቅ አይልም። እፎይ የሚለው ስቴቱ ነው።

የቀመሩ ድምር ራሱም ለብዙ ዓመት በሙሉ አልተከፈለም። ከ2008-09 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ስቴቱ ሒሳቡን ሠርቶ ሲጨርስ ከላዩ ላይ መልሶ ይቆርጥ ነበር። በአንዳንድ ዓመት የተቆረጠው ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ስሙ «የበጀት ማረጋጊያ» ነበር፤ ማንን እንዳረጋጋ እንጃ። ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቀረ። እፎይ ሳንል የ2025 ጉድለት ከች አለ።

«የአለቆቹን ደሞዝ ቁረጡ»

ቁረጡት፣ ቅር አይለኝም። ግን ከ100 ዶላር ወጪያችን ወደ 80ው ደሞዝና ጥቅማጥቅም ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ለሚያስተምሩት፣ አውቶቡስ ለሚነዱት፣ ለሚያጸዱት ነው የሚከፈለው። አለቆቹ ጥቂት ናቸው።

«ተማሪ ከቀነሰ ወጪም ይቀንሳል»

ይቺን የሚላት የተማረ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው የምትብሰኝ። ለምሳሌ አንድ ኤሌሜንታሪ እንውሰድ። 30 ልጆች ለቀቁ። በነፍስ ወከፍ 11 ሺህ ዶላር ብንል 330 ሺህ ዶላር ሄደ። ልጆቹ ግን ተሰልፈው ከአንድ ክፍል አልወጡም። ከኪንደርጋርተን እስከ አምስተኛ ክፍል፣ ከየደረጃው አምስት አምስት ናቸው። በየደረጃው ሁለት መምህር ካለ ደግሞ ከእያንዳንዱ መምህር ሁለት ወይ ሦስት። 24 የነበረው 22 ሆነ። አሁን ማን ይቀነስ? የመምህሯ ግራ እጅ? ማሞቂያው ያንኑ ጋዝ ይበላል። አውቶቡሱ ያንኑ ሰፈር ይዞራል። ስለዚህ ኤክሴሉን ከፍቼ ከክፍል ውጪ ያለውን ስም መፈለግ እጀምራለሁ። የላይብረሪ ሠራተኛዋ። የሙዚቃ መምህሩ። ነርሷ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ።

«ቁጠባ አላችሁ አይደል?»

ቁጠባ አንዴ ይበላል፣ ደሞዝ በየወሩ ይመጣል። የዘንድሮን 5 ሚሊዮን ጉድለት በቁጠባ ብትደፍኑት ለከርሞ ጉድለቱ እዚያው ይጠብቃችኋል፤ ቁጠባው ግን የለም። ለኮቪድ ጊዜ ከፌዴራል መንግሥት ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች 190 ቢሊዮን ዶላር ያህል መጣ፣ የመጨረሻው ዙር ቀነ ገደብም ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አለፈ። በዚያ በሚያልፍ ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ ቀጥረን ነበር? ቀጥረናል። ጥፋታችን ነው፣ አልክድም።

«ምሳው ነፃ ከሆነ ፎርሙ ምን ይሠራል?»

እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ከ2023 መኸር ጀምሮ በነፃ ምግብ ፕሮግራሙ ባሉት የኮሎራዶ ትምህርት ቤቶች ልጅ ሁሉ ገቢ ሳይጠየቅ በነፃ ይበላል። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው የገቢ ፎርሙን መሙላት ተወ። ፎርሙ ግን የምሳ ብቻ አይደለም። ስቴቱ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ጭማሪ ይከፍላል። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ ድጎማ፣ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፎርም ይቆጠራል፤ ሌላው ካልሞላ እንደሌለ ነው። ፎርሙ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አንድ ቃል አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ስቴቱ ተማሪ የሚቆጥረው ኦክቶበር 1 አካባቢ ነው። መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ሰሞን ማለት ነው። ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ሄዶ መስቀልን ውሎ ጥቅምት ላይ የሚመለስ ልጅ ከቆጠራው ሊወጣ ይችላል። ለገና ውሰዷቸው።

የአክስቴ ልጅ ሦስት ልጆች አሏት። «እኛ ለማኝ አይደለንም» ብላ ፎርሙን ሁለት ዓመት አልሞላችም። ባለፈው እሁድ እኔ ቤት ቡና እየተቆላ ገጹን ስልኳ ላይ ከፍቼ ሰጠኋት። እያጉረመረመች ጀመረች። አቦል ሳይቀዳ ጨርሳ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ይቺ ናት?» አለችኝ።