አብሽር

አብሽር በወሎ ከቤት እስከ ገበያ የሚሰማ የማጽናኛ ቃል ነው። ምንጩ ዐረብኛ፣ ፍቺውም «የምሥራች፣ ደስ ይበልህ» ነው። በቁርኣን ምዕራፍ 41 አንቀጽ 30 ላይ መላእክት ምእመናንን በጀነት ሲያበሥሩ «አብሽሩ» ይላሉ።

ለወንድ አብሽር፣ ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ ይባላል። ሂድ፣ ሂጂ፣ ሂዱ እንደማለት ነው፤ የሁለቱ ቋንቋዎች ትእዛዝ አንቀጽ መጨረሻው ስለሚገጥም ቃሉ ምንም ሳይቀየር አማርኛ ገብቷል። ከትእዛዝ ውጭ ሲፈለግ «አለ» ይደግፈዋል፦ «አብሽር አለችኝ»።

ሥሩ ለግእዝም ባዳ አይደለም። ብሥራት፣ አብሣሪ፣ የምሥራች ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው፤ የዐረብኛው «ሽ» በግእዝ ንጉሡ «ሠ» ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ «ብስራት» ብሎ በእሳቱ «ሰ» መጻፍ የቃሉን ዘር ይሸፍነዋል። ታኅሣሥ 22 ብሥራተ ገብርኤልን የሚያከብረውና ልጁን ቡሽራ ወይም በሽር ብሎ የሚጠራው ጎረቤቱ በአንድ ቃል ይጠቀማሉ። አብሽርንም ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ እንደ ሙስሊሙ ይለዋል፤ እንግዳ ሰው የተናጋሪውን ሃይማኖት በዚህ እለያለሁ ቢል ይሳሳታል።

ከ«አይዞህ» ጋር ይቀራረባል፣ ግን ልዩነት አለው። አይዞህ አሁን ላለው ጭንቅ ነው፤ ሸክም ለከበደው፣ እንቅፋት ለመታው ይሆናል። አብሽር ወደፊት ያያል፦ ዝናብ ለዘገየበት ገበሬ፣ የፈተና ውጤት ለምትጠብቅ ልጅ፣ ለታመመ ሰው። ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ «አብሽሪ እህቴ፣ ኸይር ነው»፣ «አብሽር፣ ያልፋል» ተብሎ ይቀጠልበታል። ሬሳ ገና ሳይወጣ ለቅሶ ቤት ገብቶ አብሽር ማለት ግን ጆሮ ይቆረቁራል። የዚያን ሰዓት ቃል «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ወይም «እግዜር ያጥናችሁ» ነው።

ቃሉን የሚያረክሰው ባለዕዳ ነው። ገንዘቡን ሲጠየቅ «አብሽር» ብሎ የሚሸኝ ሰው ቀን አልቆረጠም፣ መጠንም አልጠራም፤ ለአበዳሪው ከዚህ የባሰ መልስ የለም።

ሳውዲ ለሥራ የሚሄዱ ደግሞ ሌላ ትርጉም ይገጥማቸዋል። እዚያ አንድ ነገር ሲለመኑ «አብሽር» ካሉ «እሺ፣ ይደረግልሃል» ማለታቸው ነው። የአገሪቱ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድና የመሳሰለው ጉዳይ የሚፈጸምበትን የስልክ መተግበሪያ አብሽር ያለውም በዚሁ ትርጉም ነው። አሠሪዋ «አብሽሪ» ስትላት አጽናናችኝ ብላ ዝም የምትል ልጅ የጠየቀችው ነገር እንደተፈቀደላት ሳታውቅ ትቀራለች።