ዲሂዩሚዲፋየር ገዝታችሁ ግድግዳው ለምን አልደረቀም?

ብርዱ ሲገባ ለንደን ያሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች ውስጥ መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ያወርዛል። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ይጠቁራል፣ ጫማ ይሻግታል። ያኔ ዲሂዩሚዲፋየር ይገዛል፤ አየሩን እየሳበ እርጥበቱን ታንኩ ውስጥ ውሃ አድርጎ የሚያጠራቅም ማሽን። አንዱ «ገላገለኝ» ይላል። ሌላው በወሩ ጥግ ላይ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ስለማሽኑ የሰማነው ወሬ ላይ ነው።

«ማሽኑ ማንኛውንም እርጥበት ያደርቃል»

ማሽኑ የሚያደርቀው አየር ነው። ግድግዳ ግን በብዙ መንገድ ይርሳል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ እድፍ ካያችሁ ጣሪያውን፣ የውጭ ግድግዳውን ወይም አሸንዳውን ጠርጥሩ። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣና ነጭ ጨው የሚተፋ ከሆነ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ሊሆን ይችላል። በመስኮት ዙሪያ፣ በማእዘንና ከዕቃ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ የራሱ እንፋሎት ነው፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይመለሳል።

ዲሂዩሚዲፋየር ቁም ነገር የሚሠራው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ቱቦ እያፈሰሰ ማሽን መክፈት መብራት መክፈል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የላይኛው ቤት መታጠቢያ እያፈሰሰባችሁ ከሆነ መፍትሔው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ድርድር ሳይቆጠር።

«እኛ ቤት ያን ያህል ውሃ ከየት ይመጣል?»

ከእኛው ነው። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። አንድ ማሽን ሙሉ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። እንጀራ ጨምሩበት። አክምባሎው በተነሣ ቁጥር የሚግተለተለው እንፋሎት ሰፊ ግቢ ውስጥ ማንም ልብ አይለውም፤ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ግን መኝታ ቤት ድረስ ይገባና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስትጋግሩ የማድ ቤቱን በር ዝጉ፣ የእንፋሎት መሳቢያውን ክፈቱ፣ መስኮቱንም ገርበብ አድርጉት። ከጨረሳችሁም በኋላ ትንሽ ቆዩ። ከማሽኑ በፊት ይሄ ይቀድማል፤ ደግሞ ነፃ ነው።

«ውጭ እየዘነበ መስኮት መክፈት እርጥበት ማስገባት ነው»

ይሄ በጣም የተስፋፋ ነው። ለአውሮፓ ብርድ ግን ትክክል አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ውሃ መሸከም አይችልም። 5 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ጭጋግ እስኪሆን ቢሞላ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው 7 ግራም ገደማ ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለና እርጥበቱ 70 በመቶ የደረሰ (በዚያ ሙቀት መሸከም ከሚችለው ውሃ 70 በመቶውን የያዘ) ሳሎን ግን 12 ግራም ገደማ ይዟል። ስለዚህ ያ የሚያስጠላ የለንደን አየር ከእናንተ ሳሎን ይልቅ ደረቅ ነው። ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። መስኮቶቹን በሁለት አቅጣጫ ወለል አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል መክፈት፣ ከዚያ መዝጋት፣ ማሽኑን ማስነሣት። ማሽኑ እየሠራ መስኮት መክፈት ግን የሰፈሩን አየር ለማድረቅ መሞከር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። በሐምሌ ዝናብ 15 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 13 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ቤቱም ማሞቂያ ስለሌለው ከውጭው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ፀሐይ ብልጭ እስክትል ጠብቆ መክፈት ይሻላል። ጅዳ ወይም ዱባይ በበጋ ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው፤ የውጭው አየር ራሱ ውሃ ነው። እዚያ ኤሲው እያቀዘቀዘ እርጥበትም ይስባል፤ ከቱቦው ውጭ የሚንጠባጠበው ውሃ እሱ ነው። በነሐሴ ኤሲ ጠርቅሞ ለእረፍት አገር ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ ቦርሳውና ጫማው ሻግቶ ቢያገኘው አይገርምም።

«20 ሊትር ካለ በቀን 20 ሊትር ያወጣል»

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል የተለካ ነው። 18 ዲግሪ ባለው መኝታ ቤት የምታገኙት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም።

ዓይነቱንም ማየት ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰር ያለው እንደ ፍሪጅ በቀዘቀዘ ቱቦ ውሃውን ይይዛል። ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቱቦው በረዶ እየያዘ ማሽኑ ጊዜውን በረዶ በማቅለጥ ይጨርሳል። ሌላው ዓይነት እርጥበት በሚመጥ ዱቄት መሰል ነገር ይሠራል፤ ብርድ አይበግረውም፣ መብራት ግን የበለጠ ይፈልጋል። በክረምት ማሞቂያ ለሌለው የአዲስ አበባ ቤት ይሄኛው ይስማማል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሣ እንደሆነ ጠይቁ። በንክኪ ቁልፍ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ሰው እስኪነካቸው ድረስ እንደጠፉ ይቀራሉ።

«መብራት ይጨርሳል»

ኮምፕሬሰር ያለው መካከለኛ ማሽን ከ200 እስከ 300 ዋት ይወስዳል። 8 ሰዓት ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እንግሊዝ አገር አንዱ በ25 ፔንስ ገደማ ሲታሰብ 50 ፔንስ። የልብስ ማድረቂያ ማሽን ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ደግሞ የፈጀው መብራት ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስም ሙቀት ይለቃል። ልብሱን ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰጥታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ማሽኑን አጠገቡ ብታደርጉት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

«ሻጋታውን ይገድለዋል»

እንዳይስፋፋ ያደርገዋል እንጂ ያለውን አያነሣም። በጓንትና በማስክ፣ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል። በደረቁ አትፈግፍጉት፣ ይበናል። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ቀለም ቀብቶ መሸፈን ደግሞ ለትንሽ ጊዜ ዓይንን ማታለል ነው።

«ሻጋታ ምንጊዜም የተከራይ ጥፋት ነው»

አከራዮች ይህን መስማትም ማሰማትም ይወዳሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል ከተማ፣ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነው አዋብ ኢሻቅ በታኅሣሥ 2020 (በፈረንጆቹ) ገና በ2 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ ለረዥም ጊዜ የተነፈሰው የቤቱ ሻጋታ መሆኑን የሞት መርማሪዋ በ2022 አረጋገጡ። አባቱ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ «ቀለም ቅባበት» ተብሎም ነበር። በስሙ የተጠራው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች (በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራዩ የአካባቢ አስተዳደሮችና የቤት ማኅበራት) ላይ ይሠራል። አደገኛ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር አለባቸው፤ አስቸኳይ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ። ስለዚህ ጣሪያው እያፈሰሰ ማሽን አምጥተው «ይኸው» ካሏችሁ፣ ፎቶ አንሡና በጽሑፍ አመልክቱ።

ቶሎ ቶሎ የሚታለፉት

«ደረቅ በሆነ ቁጥር ይሻላል»፦ አይደለም። ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ይበቃል። ከዚያ ሲያንስ ጉሮሮ ይደርቃል፣ እንጨትም ይሰነጠቃል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ቁጥሩን እያያችሁ አብሩና አጥፉ።

«ውሃው ንጹህ ነው፣ ይጠጣል»፦ አይጠጣም። አቧራውና ባክቴሪያው አብሮት ታንኩ ውስጥ ተኝቷል። ሽንት ቤት ድፉት።

«ሂዩሚዲፋየርም ያው ነው»፦ እሱ እርጥበት የሚጨምር ነው። ኦንላይን ስትገዙ «ዲ» የምትለዋን ፊደል ፈልጉ፤ ተሳስቶ ያዘዘ ሰው የሻጋታውን ምግብ በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።