የተከራይ እቃ ኢንሹራንስ በአዲስ አበባ መሃል ከተማ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የተከራይ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ቤቱን ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያለውን የተከራዩን እቃ ነው፣ ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ አልጋውን፣ ላፕቶፑን ምናምን። ግድግዳና ጣሪያው የአከራዩ ስለሆነ አከራዩ ኢንሹራንስ ቢገባ እንኳ ካሳው ለሱ ነው የሚከፈለው። አራት ኪሎና አቧሬ ሰዎችን ስጠይቅ ግን ብዙው "ባለቤቱ ገብቷል እኮ" ነው የሚለኝ፣ ይሄን ለመፃፍ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካ ብዙ አከራይ ተከራዩ ኢንሹራንስ ሳይገባ ቁልፍ አይሰጥም፣ እዛ ከእቃው ሌላ ተከራዩ በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ያለበትን ሃላፊነትና ቤቱ ተቃጥሎ ሌላ ቦታ ሲያርፍ የሚያወጣውንም ይሸፍናል። እኛ ጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግዴታ የመኪናው ሶስተኛ ወገን ነው፣ ተከራይን እቃህን አስገባ ብሎ የሚያስገድድ ህግ የለም።

የእሳት ኢንሹራንስ ራሱ ለከተማችን አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ስራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ይሸጥ ነበር። ከዛ በንጉሱ ጊዜ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች መጡ።

ትልቁ ለውጥ 1967 ነው። ታህሳስ ላይ 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወረሱ፣ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በመሃሉ፣ ሐምሌ 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ ተባለ፣ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዛ በላይ ያለው ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የምንለው የኪራይ ቤቶች ስር ገባ፣ ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ኪራይም ተቀነሰለት። ካዛንቺስ፣ ፒያሳ፣ ልደታ ያደግን ልጆች ሁላችንም ማለት ይቻላል የዚህ አዋጅ ልጆች ነን። የቀበሌ ቤት ተከራይ አስርና ሃያ ብር እየከፈለ ልጅ ወልዶ ዳረበት፣ ጣሪያው ሲያፈስ በራሱ ቆርቆሮ ደፈነ፣ ቤቱንም እንደራሱ ቆጠረው። በዛ ኑሮ ውስጥ ኢንሹራንስ የሚል ሃሳብ ከየት ይምጣ፣ የነበረው እድር ነበር።

እድር መቼ ተጀመረ የሚለው ያከራክራል፣ ከጣሊያን በፊት ነው የሚል አለ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው የሚልም አለ፣ ከጉራጌ አገር ከመጡ ሰዎች ጋር የሚያያይዘውም ብዙ ነው። ሰውን በችግሩ ቀን በማቆም ግን የሚስተካከለው የለም፣ ለዚህ ማንም አያከራክረኝም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡ ሳይጠየቅ ይደርሳል። አንዳንዱ እድር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ለቃጠሎም ድጎማ አስገብቷል። ነገር ግን የሚሰጠው ማፅናኛ ነው፣ የእቃህን ዋጋ አይተካም። እኛ ሰፈር ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖር እናት ቤቷ ሲቃጠል ብርድ ልብስና ምግብ ያደረስነው እኛ የእድሩ ሰዎች ነን፣ አከራይዋ በኢንሹራንሱ ጣሪያውን መልሶ ሰራ፣ እሷ ግን ከፍራሽ ነው እንደገና የጀመረችው። ደግሞ የግል ተከራይ ሰፈር በቀየረ ቁጥር ወይ ከእድሩ ይወጣል ወይ በታክሲ እየተመላለሰ ይከፍላል።

ከ1986ቱ የኢንሹራንስ ስራ አዋጅ በኋላ የግል ኩባንያዎች ስለተመለሱ ዛሬ ምርጫ አለ፣ ተቆጣጣሪው ብሄራዊ ባንክ ነው። ተከራይ ቢሮ ሄዶ የሚጠይቀው በዋናነት የእሳትና መብረቅ እና የቤት ሰብሮ ስርቆት ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውል፣ ነው። ቅፁ ላይ ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ ተብሎ ይጠየቃል፣ አርቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍለው፣ በዛ ይለያያል። የስርቆቱ ፖሊሲ በር ወይ መስኮት የተሰበረበት ምልክት ይፈልጋል፣ አብሮህ የሚኖር ሰው የወሰደውን በአብዛኛው አይከፍልም፣ ጥሬ ገንዘብና ወርቅም ወይ አይካተቱም ወይ የሚከፈልባቸው ብር ገደብ አለው። ሰው በጣም የሚጎዳው ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሲያስመዘግብ ነው። የ400,000 ብር እቃ ይዘህ 200,000 ብለህ ብትገባና 100,000 ብር ቢቃጠልብህ የሚሰጥህ ግማሹ 50,000 ነው፣ ምክንያቱም ግማሹን ስጋት ራስህ ይዘሃል።

አደጋው ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ያየነው እሳት ለሰአታት ነው የነደደው። መኖሪያ ሰፈሩም ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው፣ አንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ቤት ያበራል፣ ምጣዱም ስቶቩም በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ቅያስም ሞልቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ደግሞ በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይክሳል ስለሚል እሳቱ ካንተ ስቶቭ ተነስቶ ከሆነ ጎረቤትህም አከራይህም ይጠይቁሃል፣ ስለዚህ ስትዋዋል ይሄን ሃላፊነት ፖሊሲው ይጨምር እንደሆነ ለይተህ ጠይቅ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በፅሁፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ቢያንስ ለሁለት አመት እንዲሆን አድርጓል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ። በየስድስት ወሩ ይባረር የነበረ ተከራይ አሁን አድራሻውን የሚያሳይበት ወረቀት አለው፣ የአመት ፖሊሲ መግባትም ትርጉም ይሰጣል። በኔ እምነት እቃ ያለው ተከራይ መግባት አለበት፣ እድሩንም ሳይተው። ከመግባትህ በፊት እያንዳንዱን እቃ ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኙን አስቀምጥ፣ ኮፒውን ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ፣ ወረቀቱ ቤት ውስጥ ብቻ ካለ ከእቃው ጋር አብሮ ይቃጠላል።