ከዘራው በየትኛው እጅ ይያዛል?

የዳሌ መገጣጠሚያቸው በቀዶ ሕክምና የተተካላቸውን ሰዎች በእጅጉ የሚያደናግረው መመሪያ «ከዘራውን ከተቀየረው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ ያዙ» የሚለው ነው። በቀኝ እግራችን ብቻ በቆምን ቁጥር ሰውነታችን ወደ ግራ እንዳያዘነብል የቀኝ ዳሌ ጡንቻዎች አጥብቀው ስለሚጎትቱ፣ መገጣጠሚያው ከሰውነታችን ክብደት የሚበልጥ ጫና ይሸከማል፤ በግራ እጅ የተያዘ ከዘራ መሬቱን ሲገፋ ግን ያን ዝንባሌ ስለሚደግፍ የጡንቻዎቹ ሥራ ይቀልላል። ስለዚህ ቀኝ ዳሌው የተቀየረለት ሰው ከዘራውን በግራው ይዞ ከቀኝ እግሩ ጋር እኩል ያራምደዋል።

እጀታው፣ ክንድ ወደ ታች ተለቅቆ ሲቆም፣ ከእጅ አንጓ ትይዩ መዋል አለበት፤ ከአባት የተወረሰ ረጅም ከዘራ ትከሻን ሽቅብ ስለሚገፋ፣ ቢያሳሳም እንኳ ተለክቶ ቢቆረጥ ይሻላል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ ግን ከዘራውና የተቀየረው እግር ይቀድማሉ።