በጣውላ ቁርጥራጭ ስለሚሠሩ ዕቃዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የትኛውም አናጺ ቤት ብትሄዱ በር ላይ የቁርጥራጭ ክምር አለ። ማታ ላይ አንድ ሰው መጥቶ በማዳበሪያ ሞልቶ ለማገዶ ይወስደዋል። ከዚያው ክምር ግን በርጩማ ይወጣል። ረከቦት፣ የጫማ መደርደሪያ፣ መክተፊያ፣ ገበጣም ይወጣል። ሰው እንዳይሞክር የሚያደርጉት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው። በሌላ በኩል፣ መሆን የሌለበትን ቁርጥራጭ ወደ ማዕድ ቤት የሚያስገቡም አሉ። ለእኔ ከቁራጩ መጠን በፊት የሚቀድመው ጥያቄ እንጨቱ ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊትስ የት ነበር የሚለው ነው።

«ባህር ዛፍ ለማገዶና ለአጣና እንጂ ለዕቃ አይሆንም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥብ ባህር ዛፍ ቆርጦ ወዲያው በርጩማ የሠራ ሰው ብዙም ሳይቆይ የበርጩማውን እግር ተጣሞ ያገኘዋል። ጥፋቱ ግን የዛፉ ሳይሆን የችኮላው ነው። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ከብዙ እንጨቶች የበለጠ ይኮማተራል። ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

መፍትሔው ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው። ቁርጥራጩን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። በየድርድሩ መሃል ቀጫጭን እንጨት አስገቡ፣ አየር ይለፍበት። ውሃው ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚወጣው በጫፎቹ በኩል ስለሆነ፣ ጫፎቹን በተረፈ ቀለም ወይም በሰም ቀቧቸው። በአየር ብቻ ለሚደርቅ እንጨት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። የእኛ ረጅም በጋ እዚህ ላይ ያግዛል። መድረቁን ለማወቅ ደግሞ የሱቅ ሚዛን ይበቃል። አንዱን ቁራጭ ምልክት አድርጉበትና በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ባህር ዛፍ ካገኛችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቆላችኋል። ጠንካራ ስለሆነ ለበርጩማ እግርና ለመደርደሪያ ድጋፍ ጥሩ ነው። ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ግን ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስቀድማችሁ ብሱ።

የዋንዛ ቁራጭ ከተገኘ ለእግር አታባክኑት። ዋንዛ ለመሮ የሚመች፣ እንደ ባህር ዛፍም የማያስቸግር እንጨት ነው። ለረከቦት ገጽ ወይም በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ለሚቆፈርለት ገበጣ አስቀምጡት። ወይራ ደግሞ ጥቅጥቅና ከባድ ስለሆነ ትንሿ ቁራጭ እንኳ ማማሰያ ትሆናለች። ፍርፋሪው ራሱ የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፣ ምኑም አይጣልም።

«ቺፑድና ኤምዲኤፍም እንጨት ነው፣ ሌላው ቢቀር ይነዳል»

እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። እንጀራ የምትጋግረው እናት ደግሞ ጭስ መውጫ በሌለው ማዕድ ቤት ውስጥ ይህን ጭስ ስትምግ ትውላለች። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የተቀባ እንጨትም እንደዚሁ ማገዶ አይሆንም።

ቺፑድ ከእርጥበት ከራቀ ለመሳቢያ ወለልና ለመደርደሪያ ጀርባ ያገለግላል። የተቆረጠ ጠርዙን በኮላ ወይም በቀለም ዝጉት። ስትቆርጡት ውጭ ሁኑ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

«ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ለሁሉም ነገር ይሆናል»

ከተማችን ውስጥ ሕንፃ በተሠራበት ሁሉ የፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪት ሲፈስ ቅርጹን የሚይዝ፣ ጣውላ ይተርፋል። ርካሽ ነው፣ ደረቅም ነው። ነገር ግን ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅበት ብዙ ጊዜ ዘይት ይቀባል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ። ያ ዘይት ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ላዩን ስለላጋችሁት ብቻ አይወጣም። ስለዚህ ለደጅ አግዳሚ ወንበር፣ ለአበባ መትከያ ሣጥን፣ ለዶሮ ቤት አጥር አውሉት። መክተፊያ፣ የሊጥ ገበታና የሕፃን አልጋ ግን በፍጹም አትሥሩበት። ከመላጋችሁ በፊት ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ ምስማሩን በጉጠት ንቀሉ። የመላጊያን ስለት እንደ ሲሚንቶ የሚያበላሸው ነገር የለም።

ፓሌትም፣ ማለትም ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ምርመራ ይፈልጋል። ከአገር አገር የሚዘዋወር ፓሌት የስንዴ ዛላ የሚመስል ማኅተም አለበት። ከጎኑ በላቲን ፊደል ኤች ቲ የሚል ካለ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው፤ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ። ኤም ቢ የሚል ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ቤት አታስገቡት። ኤች ቲ የሚል ቢሆንም እንኳ ምን እንደተጫነበት፣ ምን እንደፈሰሰበት አይታወቅምና ለምግብ ዕቃ አይመረጥም።

«ምስማር በበዛ ቁጥር ይጠነክራል»

ትንሽ ቁራጭ ላይ ምስማር ማብዛት መሰንጠቅ ነው። ጎን ለጎን፣ በጭረቱ (በእንጨቱ ርዝመት በሚሄደው መስመር) አቅጣጫ የተጣበቁ ሁለት ንጹሕ ገጾች በጥሩ የእንጨት ኮላ ሲያያዙ መጋጠሚያው ከእንጨቱ ከራሱ ሊበልጥ ይችላል። በተቆረጠ ጫፍ በኩል ሲጣበቅ ግን ደካማ ነው፣ እዚያ ላይ ብሎን ወይም የእንጨት ካስማ ጨምሩ። ምስማር መምታት ግድ ከሆነ ጫፉን በመዶሻ ትንሽ አደንዝዙት፤ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይቀንሳል።

«ማሽን ከሌለ አይጀመርም»

መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና የብርጭቆ ወረቀት ካላችሁ ከላይ የጠቀስኳቸውን ዕቃዎች በሙሉ መሥራት ትችላላችሁ።

«ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ እንጨት አይንቀሳቀስም»

በነሐሴ አልዘጋ ያለ በር በጥር በሰላም ሲዘጋ አይታችኋል። ያ በር ቀለም የተቀባ ነው። ቀለምና ቫርኒሽ የእርጥበቱን መግባትና መውጣት ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በዋናነት በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ብዙ ቁርጥራጭ ጎን ለጎን አጣብቃችሁ ሰፊ የረከቦት ገጽ ስትሠሩ ከሥሩ አግዳሚ እንጨት በኮላ አትለጥፉበት። በብሎን እሰሩት፣ የብሎኑንም ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት፣ ገጹ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያገኛል። ሠሪው ይህን ስለማያውቅ የተሰነጠቀ ስንት ቆንጆ ጠረጴዛ አለ!

«መክተፊያ በማንኛውም የምግብ ዘይት ይቀባል»

የፓልምና የሱፍ ዘይት ለዚህ አይሆኑም። የፓልም ዘይት ጨርሶ አይደርቅም። የሱፉም በደንብ ስለማይደርቅ ያጣብቃል፣ ውሎ አድሮም ይሻግታል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ እየጠነከረ እንጨቱ ላይ ይቀራል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ብቻ ጊዜ ይፈልጋል። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ቀናት ጠብቃችሁ ድገሙ። በመጨረሻ ንጹሕ የንብ ሰም አቅልጣችሁ ከዘይቱ ጋር ብትቀላቅሉ ውሃ የሚገፋ ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይቀለጥም፤ ዕቃውን የሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ በብዙ አናጺ ቤቶች የማይነገር። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ አጥቶ ጨርቁ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰጋቱራ ባለበት ቤት ደግሞ እሳቱ ወዲያው ይዛመታል። ጨርቁን ውጭ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ንከሩት።