የቆመ አውሮፕላን ውስጥ «እሳት!» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ የፍሬን ሽታ ከመጣ ምን እንደሚሆን የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። አንዱ «ኧረ አቁም!» ይላል። ሾፌሩ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ በር ይከፍታል፣ ከዚያ ሁሉም አስፋልት ዳር ቆሞ ስለ ፍሬኑ ይከራከራል። ማንም አይጎዳም፣ ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ይህንኑ ልማድ ይዘን አውሮፕላን ላይ ስንወጣ ነው።

ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኛ አካባቢ በዚያ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ደግሞ ትንሽ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ከጅዳ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ቡና ላይ ያጋጠማትን አጫወተችን። በሩ ተዘግቷል፣ አውሮፕላኑ ግን ገና ከቦታው አልተነቃነቀም። ከጣሪያው ሥር ነጭ ነገር መውረድ ሲጀምር አንዱ «ጭስ! ጭስ!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ሰው ብድግ አለ። አንድ ጎረምሳ የበሩን እጀታ ሊይዝ ሲል ሆስተሷ መሃል ገብታ በክንዷ ገፋችው። ጭስ አልነበረም። የገረመኝ ግን ቡናው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ «ልጁ ምን አጠፋ? እኔም ብሆን እከፍት ነበር» የማይል ጠፋ። እስቲ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆቹ ናቸው።

«ነጭ ነገር ከወረደ ጭስ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጣርማ በር ላይ በቀትር የመኪና መብራት የሚያስበራው ጉም አለ አይደል? ይሄም እሱው ነው። ጅዳን የመሰለ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ከተማ ላይ እርጥብ አየር ገብቶ ከማቀዝቀዣው ከሚወጣው ብርድ ጋር ሲገናኝ ጉም ይሆናል። ጉም አይሸትም፣ አያስልም፣ ወደ ታች ወርዶ ወዲያው ይጠፋል። ጭስ ግን ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጣሪያውን ይዞ ይከማቻል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢልም አትደንግጡ፣ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ሲዞር ነው። አንዳንድ ኤርባሶች ላይ ከወለሉ ሥር ውሻ የሚጮህ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ እሱም የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። ሞተር ሲነሳ ከኋላው ለአፍታ ነበልባል ሊታይ ይችላል። የተጠራቀመ ነዳጅ ሲቃጠል ነው፣ ብዙ ጊዜ አብራሪዎቹ ራሳቸው ያጠፉታል። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ግን ለሆስተሷ ከመንገር ወደኋላ አትበሉ። ከመጮህ በፊት መናገር ነው ዋናው።

«መሬት ላይ ከሆንን ምን አለ፣ የሚያስፈራው ሰማዩ ነው»

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው የሚያዘናጋ ነው። ነሐሴ 1980 የሳዑዲ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጡ እሳት ተነስቶ ሪያድ በሰላም አረፈ፣ ቆመም። ነገር ግን ሞተሮቹ ቶሎ አልጠፉም፣ በሮቹም በጊዜው አልተከፈቱም። በውስጡ የነበሩት 301 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በ1985 ማንቸስተር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ሊነሳ ሲንደረደር ሞተሩ ተቃጠለ። ከመሬት እንኳ አልተላቀቀም ነበር፣ 55 ሰው ሞተ፣ አብዛኛውም በጭስ።

ቅርብ ጊዜም አለ። ጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ውስጥ የኤር ቡሳን አውሮፕላን መነሻውን ሲጠብቅ የእጅ ሻንጣ መደርደሪያው ውስጥ እሳት ተነሳ። የተጠረጠረው ፓወር ባንክ ነው። 176ቱም ሰዎች ወጡ፣ አውሮፕላኑ ግን ጣሪያው ተበላ። የኛው አየር መንገድ ድሪምላይነርም ሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው ማንም ሳይኖርበት እንደቆመ ተቃጥሏል፤ መነሻው የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ መሣሪያው የሊትየም ባትሪ ነበር።

ስለዚህ የፈራ ሰው ሞኝ አይደለም። ጥያቄው ፈርቶ ምን ያደርጋል ነው።

«በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ፣ አውቶቡስም እንደዚያ ነው»

ዋናው ይሄ ነውና እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

አውሮፕላን በር ሁለት ዓይነት አከፋፈት አለው። ጉዞ ሊጀመር በሩ ሲዘጋ ሆስተሶቹ ተንሸራታቹን፣ ስላይድ የሚባለውን፣ ከበሩ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ በሩ ከተከፈተ ስላይዱ ተስፈንጥሮ ወጥቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በአየር ይሞላል። ሰው በሚሳፈርበትና በሚወርድበት ጊዜ ግን ይፈታል። ያኔ ደረጃ ያልቀረበበትን በር የከፈተ ሰው የሚያገኘው ባዶ አየር ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ከበሩ እስከ ሲሚንቶው ከ4 ሜትር በላይ ነው። የአውቶቡስ ደረጃ አይደለም ጎበዝ! ከኋላ ሰው እየገፋ ደግሞ «ቆይ፣ ስላይድ የለም» ብሎ መመለስ የለም።

ስላይዱ ቢኖርስ? ውጭ ምን እንዳለ ማን አየ? ሆስተሷ በር ከመክፈቷ በፊት በትንሿ መስኮት አጎንብሳ የምታየው ለዚህ ነው፤ በዚያ በኩል እሳት ካለ በሩን መክፈት እሳቱን ወደ ውስጥ መጋበዝ ነው። ሞተሩም አለ። እየሠራ ያለ ሞተር ከፊቱ ያለውን ይስባል፣ ከኋላው ያለውን ይወረውራል። በ2016 ቺካጎ ላይ አንድ ቦይንግ 767 ሊነሳ ሲንደረደር የቀኝ ሞተሩ ፈነዳ። ቆመ፣ ሰው በግራ በኩል መውጣት ጀመረ። የግራው ሞተር ግን ገና አልጠፋም ነበር፣ ከኋላው በሚወጣው ንፋስ የተመታ አንድ መንገደኛ ክፉኛ ተጎዳ። ፓይለቱ «ውጡ» ከማለቱ በፊት የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር እያጠፋ ነው። የዚያች ጥቂት ሰከንድ ዝምታ ለኛ ረጅም ናት፣ አውቃለሁ።

ደረጃው ገና ካልተነሳ ደግሞ ስላይድም አያስፈልግ ይሆናል፣ በገባችሁበት በር ፈጠን ብሎ መውረድ ይሻላል። ይህንንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

«ታዲያ ሆስተሷ ራሷ ወድቃ ቢሆንስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እሳቱን በዓይናችሁ እያያችሁ፣ የሚያዝ ሠራተኛ ከሌለ፣ ያኔ መንገደኛም ይከፍታል። ግን መጀመሪያ በመስኮት ውጭውን እዩ። እሳት ካለ ወደ ሌላ በር ሂዱ።

«ስላይዱ የልጆች መጫወቻ ነው»

አይደለም። በ2006 ሃምቡርግ ላይ ኤርባስ ኤ380 ሲፈተን 873 ሰው በጨለማ፣ በግማሹ በር ብቻ፣ በ78 ሰከንድ ወጣ። ሕጉ 90 ሰከንድ ነው የሚለው፣ ስለዚህ አለፈ። ነገር ግን ሰዎቹ ለፈተና መሆኑን አውቀው የገቡ ሆነው ሳለ አንዱ እግሩ ተሰበረ። ለጉም ተብሎ የሚወረድበት ነገር አይደለም። የግድ ከሆነ ተረከዘ ረጅም ጫማ ይውለቅ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይሰብሰብ፣ እጅ ደረት ላይ ይሁን፣ ከታች ሲደረስ ከአውሮፕላኑ ርቆ ይሮጥ።

«ሻንጣዬን ብቻ ላውርድ»

ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ወርቅ በእጅ ሻንጣ ይዛ የምትመለስ ልጅ «ተይው» ስትባል ምን እንደሚሰማት አልጠፋኝም። ግን መተላለፊያው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ነው፤ እሷ ቆማ መደርደሪያ ስትከፍት ከኋላዋ ያለው ሁሉ ቆመ ማለት ነው። ስላይዱንም የሻንጣ ጎማ ሊቀደው ይችላል። ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሙሉ በሙሉ ነደደ። በሌላኛው አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። ከጃፓኑ አውሮፕላን ግን፣ ከስምንቱ በሮች የተጠቀሙት በሦስቱ ብቻ ሆኖ፣ 379ኙም ወጡ። በተቀረጹት ቪዲዮዎች ላይ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ማየት ይከብዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርት፣ ስልክና ወርቅ ከመጀመሪያው ኪስ ውስጥ ወይም ልብስ ሥር በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ይሁን።

«ጭስ ከመጣ የኦክስጅን ማስክ ይወርድልኛል»

ማስኩ ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ለመተንፈስ ነው። ከአካባቢው አየር ጋር ስለሚቀላቀል ጭስ አያስቀርም። ጎንበስ በሉ፣ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ሸፍኑ፣ እርጥብ ከሆነ ይመረጣል።

«በአደጋ ጊዜ ሰው ሁሉ ያብዳል»

የሚጮህ አለ። ግን ፈዝዞ ተቀምጦ የሚቀረውም ብዙ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰው በሞተበት በ1977ቱ የቴኔሪፍ (የስፔን ደሴት) አደጋ ከተረፉት አንዳንዶቹ፣ ሌሎች ሳይጎዱ ወንበራቸው ላይ ደርቀው ሲቀሩ ማየታቸውን ተናግረዋል። ቀበቶ መፍታት ያቃተውም ያጋጥማል፤ እጅ የለመደው የመኪናውን መጫን ነው፣ የአውሮፕላኑ ግን ክዳኑ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ስትቀመጡ አንድ ሁለቴ ፈትታችሁ እሰሩት። እስከ ቅርቡ በር ስንት ወንበር እንዳለ ቁጠሩ፣ ከኋላችሁ ያለውንም ጭምር። ጭስ ውስጥ በእጅ እየዳሰሱ መቁጠር እንጂ ማየት የለም። በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር አየር መንገድ ላይ ከሆናችሁ ስልኩን አስቀምጣችሁ የሆስተሷን እጅ ተከተሉ፣ የምታሳየው ሁሉ በእንቅስቃሴ ነው።

ፓወር ባንክንም አንርሳው። ደቡብ ኮሪያ ከቡሳኑ እሳት በኋላ፣ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ፣ ከላይ መደርደሪያ ውስጥ እንዳይቀመጥ ከልክላለች። እኛም ኪስ ውስጥ ወይም ፊት ለፊት ብናደርገው ቢሞቅ እናውቃለን። ስልክ ወንበር መሃል ከወደቀባችሁ ደግሞ ወንበሩን አታንቀሳቅሱት፣ ባትሪው ከተጨፈለቀ ሊቀጣጠል ይችላል። ሆስተሷን ጥሩ፣ እሷ ታወጣዋለች።